ሰማያዊ ቬሎ፦ አዳማ ላይ ያለጊዜው የደበዘዘ የሌዘር ፕሮጀክተር

ጥር 2017፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የሆቴል አዳራሽ ሠርግ ተደግሷል። ኬኩ ከመቆረሱ በፊት የሙሽሮቹ ፎቶ በትልቁ ስክሪን ላይ እየተቀያየረ ይታያል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ቬሎዋ ነጭ አልነበረም እንዴ? ሰማያዊውን መቼ ቀየረችው?» ሲሉ አስተናጋጁ ሰማ። አስተናጋጁ ለሥራ አስኪያጇ ነገራት፤ እሷ ደግሞ ለእኔ ደወለች። «ፕሮጀክተሩ ሙሽራዋን ሰማያዊ አደረጋት። ሰኞ የሦስት ቀን ዎርክሾፕ አለብን፤ ምን ይሻላል?»

እኔ የአዳራሽ ድምፅና ምስል ዕቃ እተክላለሁ፣ ሲበላሽም እጠግናለሁ። ያንን ፕሮጀክተር ጥቅምት 2016 ጣሪያው ላይ የሰቀልኩት በገዛ እጄ ነው። በሜኑው የመረጃ ገጽ ላይ የሠራበት ሰዓት 2,340 ይላል። ሲሸጥልን ግን የተባለው 20,000 ሰዓት ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሆቴሉ ባለቤት ሒሳቡን ከእኔ ቀድመው ሠርተውታል፦ «ልጄ፣ ከአሥር እጅ አንዱን በልቶ ገና ሁለተኛውን መጀመሩ ነው። የቀረው ስምንት እጅ የት ገባ?»

ይህን ጥያቄ በቅጡ ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶብኛል። መልሱ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት።

ሌዘር የተገዛበት ምክንያት

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ቢበዛ የሁለት ሰዓት ጉዞ ስለሆነች፣ ሥልጠናውም ግምገማውም እዚህ ይመጣል። አዳራሹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስብሰባ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ነው። የድሮው ፕሮጀክተር ባለ ላምፕ ነበር። ይህን ዓይነቱን የሜርኩሪ ላምፕ ፊሊፕስ ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በአንዲት ትንሽ የመስታወት ፍሬ ውስጥ ሜርኩሪ ከ200 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት እየጋለ ያበራል፤ ከጥቂት ሺህ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል።

እዚህ አገር ላምፕን የሚገድለው ግን ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ መብራት መጥፋቱም ነው። መብራት ሲሄድ ፋኑም አብሮ ይቆማል፤ የጋለው ላምፕ ንፋስ ሳያገኝ በራሱ ሙቀት ይቀቀላል። ጄኔሬተሩ ወዲያው ቢነሳ እንኳ ላምፑ ካልበረደ አይለኮስም። ዳይሬክተርም ይሁን ሚኒስትር ደኤታ መድረኩ ላይ ቆሞ ውሃ እየጠጣ ይጠብቃል። ሌዘሩ ይህ ችግር የለበትም። ኤሌክትሪክ ሲመለስ ምስሉ ቶሎ ይመጣል፣ ድንገት ቢጠፋም ያን ያህል አይጎዳም። ጋሼን ያሳመናቸው 20,000 የሚለው ቁጥር ሳይሆን ይህ ነበር። ቁጥሩ ምርቃት ነው።

እርድ የተቀባው ቀለበት

«የሌዘር ፕሮጀክተር» ሲባል ብዙ ሰው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌዘር ያለው ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነቱም አለ፤ ግን ውድ ነው። አዳራሽና ክፍል ውስጥ የምናገኘው አብዛኛው ሰማያዊ ሌዘር ብቻ ነው ያለው። ሞገዱ 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የሚሠራውም ከጋሊየም ናይትራይድ ነው። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ሰማያዊ ኤልኢዲ የተሠራውም ከዚሁ ነው።

ታዲያ ቀዩና አረንጓዴው ከየት ይመጣል? ከቢጫው ነው። ቤታችሁ ያለውን ነጭ የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ አጥፍታችሁ ፊቱን ብታዩት መሐሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለ። ያ ፎስፈር ነው፤ ሴሪየም የተጨመረበት ይትሪየም አሉሚኒየም ጋርኔት። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል። በፕሮጀክተሩ ውስጥ ይኸው ዱቄት በአንድ የአሉሚኒየም ዲስክ ዙሪያ በቀለበት መልክ ተለጥፏል። መጀመሪያ ሳየው እርድ የተቀባ የስኒ ማስቀመጫ ነው የመሰለኝ። ዲስኩ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይሽከረከራል። የሚሽከረከረው ለጌጥ አይደለም፤ የሌዘሩ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ፎስፈሩን እንዳያሳርረው ነው።

የእኛው ባለ ሦስት ፓነል ነው፤ ፓነል ማለት ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አለ። የሌዘሩ ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ክፍል ሰማያዊ እንደሆነ በራሱ መንገድ ወደ ሰማያዊው ፓነል ይሄዳል፤ ሌላው ዲስኩን መትቶ ቢጫ ይሆንና በመስታወት ተሰንጥቆ ቀይና አረንጓዴ ይወጣዋል። ሦስቱ ተመልሰው ሲገናኙ ነጭ እናያለን። ስለዚህ ነጩ ቬሎ የተሰፋው ከሁለት መንገድ በመጣ ክር ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ መንገድ ሲደክም ነጩ ወደ ሌላው ያደላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማሰር አለብኝ፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን። ዓይናችን ለሰማያዊ ደካማ ነው። አንድ ዋት የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን 26 ሉመን (ዓይን የሚያየው የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ዋት የ555 ናኖሜትር አረንጓዴ ግን 683 ሉመን ነው። ፎስፈሩ ቀለም ብቻ አይሰጥም፤ ካርቶኑ ላይ «5,000 ሉመን» ተብሎ የተጻፈውን ራሱን የሚሠራው እሱ ነው።

እሑድ ጠዋት

አዳራሹ ገና አልተጠረገም፤ የአበባ ቅጠል ወለሉ ላይ ተበትኗል። ረዳቴ መሰላሉን አቁሞ «አለቃ፣ ገመዱን ልቀይረው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ምስል ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ቀድሞ የሚጠረጠረው ገመድ ነው፤ በተለይ በቪጂኤ (በድሮው ባለ ብዙ ፒን ገመድ) ጊዜ አንድ ፒን ሲላቀቅ ቀዩ ይጠፋ ነበር። ግን መሰላል ሳይወጣ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ገመዱን ጭራሽ ነቅለን የፕሮጀክተሩን የራሱን ሜኑ ከፈትን። የሜኑው ነጭ ፊደልም ሰማያዊ ነው። ሜኑው በገመድ አይመጣምና ገመዱ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ የቀለም ማስተካከያው። አንዳንዴ አንድ ሠራተኛ ሪሞቱን ሲነካካ የቀለሙን ሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ይወስደዋል። ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መነሻ መለስነው፤ ምንም አልተለወጠም።

ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ዕቃ በተከልኩ ቀን ስክሪኑን በዘጠኝ ቦታ በሉክስ ሜትር (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን እንደሚያርፍ በሚያሳይ መለኪያ) ለክቼ አማካዩን መጻፍ ልማዴ ነው፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ማንም አይከፍለኝም። ስክሪኑ 3 ሜትር በ1.875 ነው። በተተከለበት ቀን ነጩ 860 ሉክስ ነበር፤ አረንጓዴው ብቻውን 590፣ ቀዩ 210፣ ሰማያዊው 60። አሁን መጋረጃውን ዘግተን በዚያው መለኪያ ደገምነው፦ ነጩ 240፣ አረንጓዴው 135፣ ቀዩ 48፣ ሰማያዊው 57።

ረዳቴ ቁጥሮቹን እያየ ዝም አለ። ከዚያ «ሰማያዊው ምንም አልሆነም» አለ።

ነገሩ እዚያው ላይ ተፈታ። ከ860 ወደ 240 ማለት፣ በስክሪኑ ስፋት ሲባዛ፣ ከ4,800 ሉመን ወደ 1,350 መውረድ ነው። ሌዘሩ ቢደክም ኖሮ ሦስቱም እኩል በወረዱ ነበር፤ ምንጫቸው አንድ ነውና። ሰማያዊው ከ60 ወደ 57 ብቻ ሲወርድ ቀይና አረንጓዴ ከአራት እጅ ሦስቱን አጥተዋል። ሠራተኛው ሁሉ «ሌዘሩ ተቃጥሏል» ሲል ነበር። ሌዘሩ ግን ጤነኛ ነው። 20,000 ሰዓት ውስጥ ብርሃኑ ቀስ እያለ በግማሽ ይወርዳል ቢባል፣ በ2,340 ሰዓት የሚጠበቀው ቅናሽ ስድስት በመቶ ያህል ነው፤ ሰማያዊው ላይ ያየነውም አምስት በመቶ ነው። የጋሼ ስምንት እጅ የትም አልገባም፤ እዚያው ሌዘሩ ውስጥ አለ። የሞተው ቢጫው ነው።

ሰኞ ለዎርክሾፑ የድሮውን ባለ ላምፕ ከመጋዘን አውጥተን አቧራውን አራግፈን ሰቀልነው። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የሆነውን መገመት አያቅትም።

ሣጥኑ፣ ጨርቁ፣ ጭሱ

ፕሮጀክተሩን ለማውረድ መጀመሪያ ሣጥኑን መፍታት ነበረብን። ሣጥን አልሰቀልኩም ነበር። አዳራሹ ሲታደስ የጣሪያ ሠራተኞቹ «ዓይን እንዳይወጋ» ብለው ከፊት ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን አልብሰውታል። በጎን የሚወጣው ሙቅ አየር ሣጥኑ ውስጥ ዞሮ በመግቢያው ተመልሶ ይገባል። በሣጥኑ ዙሪያ ደግሞ ከሠርግ ሠርግ የተረፈ የዲኮር ጨርቅ በስቴፕለር እንደተመታ ቀርቷል።

ፊልተሩን ሳወጣው ጋቢ የሚያህል አቧራ ይዞ ወጣ። የአዳማን ንፋስ የማያውቅ የለም፤ ከከተማዋ ዳር የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚሁ ንፋስ ነው። ኮረብታው ላይ ተርባይን የሚያዞረው ንፋስ ወደ ከተማ ሲወርድ አፈሩን ተሸክሞ ነው። አንዳንድ አምራች 20,000 ሰዓት ሲል በጥቃቅን ፊደል «በአየር ውስጥ ያለው ብናኝ 0.15 ሚሊግራም በኪዩቢክ ሜትር ሲሆን» ብሎ ይጨምራል። የካቲት ላይ በር የተከፈተ የአዳማ አዳራሽ ውስጥ ይህን ቁጥር ለማሰብ ይከብደኛል።

አቧራ ብቻውን ግን ይጠረጋል። የባሰው ሌላ ነው። የማሽኑን መግቢያ በጣቴ ሳብሰው አቧራው አልተነሳም፤ ተጣበቀ። አሸተትኩት፤ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። የሠርጉ ጭስ ነው። ሙሽሮች ሲገቡ እግራቸው ሥር ደመና የሚያስመስለው ማሽን የሚያተነው ግላይኮል የተቀላቀለበት ውሃ ነው። የደመናው የተወሰነ ክፍል ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ አየር የሚስብ ማሽን አለ። በዚያ ላይ በየስብሰባው ዕረፍት ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሁለቱም አቧራውን ማጣበቂያ ቀቡት።

የብርሃን ክፍሉን የከፈትኩት በሱቄ የኋላ ክፍል ነው፤ ወለሉን በውሃ አጥቤ፣ በሩን ዘግቼ። ይህን ማንም እንዲደግመው አልመክርም። ፕሮጀክተሩ ተዘግቶ ሳለ አደጋ የለውም ተብሎ በሌዘር ደረጃ 1 ይመደባል፤ ውስጡ ያለው ሌዘር ግን ከሁሉ የከፋው ደረጃ 4 ነው፣ ነጸብራቁ እንኳ ዓይን ያጠፋል። ክዳኑ ተከፍቶ ለአንድ ሴኮንድም ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። ውድ የሆኑት ሞዴሎች ይህ ክፍል በጎማ ታትሞ ነው የሚመጡት፤ የእኛው አልታተመም።

ዲስኩን በፒንሳ ይዤ መስኮት ላይ አነሣሁት። እርዱ አረረ። ሌዘሩ በሚያርፍበት መስመር ላይ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ወጥቶበታል፣ ሁለት ቦታ ላይ ፎስፈሩ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ከፊቱ ያለችው ትንሽ ሌንስ ላይም ያው የሚያጣብቅ ብናኝ አለ።

ያኔ አካሄዱ ገባኝ። ፎስፈር ምንም ያህል ቢበረታ የተቀበለውን ሁሉ አይመልስም፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ሲቀየር ከጉልበቱ አምስተኛው ያህል የግድ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፎስፈሩ በጋለ ቁጥር ደግሞ የሚመልሰው እየቀነሰ፣ ሙቀት የሚሆነው እየጨመረ ይሄዳል። በላዩ ላይ ብርሃን የሚውጥ ጥቁር ነጥብ ሲለጠፍበት ያ ነጥብ ይነድዳል፣ አጠገቡ ያለውን ማጣበቂያ ያሳርራል፣ የበለጠ ይጠቁራል። ሌዘሩ ምንም አያውቅም፤ በሙሉ ኃይሉ መምታቱን ይቀጥላል።

የእኔ ጥፋት

የመረጃ ገጹን ወደ ታች ሳወርድ የሙቀት ማስጠንቀቂያ 11 ጊዜ ተመዝግቧል። ሥራ አስኪያጇን ጠየቅኳት። «ግንቦት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱን አጥፍቶ ነበር። ልጆቹ ትንሽ አቆይተው ሲያበሩት ይሠራል፤ ስለዚህ አልደወልንልህም» አለች።

ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ፦ «ከፍተኛ ቦታ፦ ጠፍቷል»።

የአዳማ ከፍታ 1,712 ሜትር ነው። ሙቀቱ እኩል ከሆነ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በ18 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የዚህ ፕሮጀክተር መመሪያ ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆን ይህ ምርጫ ይብራ፣ ፋኑ በፍጥነት ይዙር ይላል። ቆላ ነው ብለን የምናስባት አዳማ ለፋን ደጋ ናት። ይህን አውቃለሁ፤ የተከልኩ ቀን አብርቼው ነበር።

ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ኅዳር 2016 በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚካሄድ ዎርክሾፕ ነበር። አስተርጓሚዎቹ የተቀመጡት ልክ ከፕሮጀክተሩ ሥር ነው፣ የፋኑ ጩኸት በማይካቸው ይገባል። አዘጋጁ «እባክህ ወንድሜ፣ ይህን ነገር ዝም አሰኝልን» አለኝ። ለሁለት ቀን ብዬ አጠፋሁት። ሦስተኛው ቀን ሌላ ሥራ ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ 14 ወር ሙሉ እንደጠፋ ቀረ።

ፋኑ በደንብ ቢዞር ዲስኩ አይቃጠልም ነበር? የእኔ ፍርድ፣ ዲስኩን የገደለው የሠርጉ ጭስ ነው፤ ሙቀቱ አፋጠነው። ሆኖም ጋሼ ፊት ስቀመጥ ይህን «ሆኖም» አላስቀደምኩም። ያጠፋሁትን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው፣ «አንተስ ለሰው ብለህ ነው። ጭሱን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ፣ በየሠርጉ አስከፍዬበት» አሉ።

ዋስትናው ለአምስት ዓመት ነበር። ሻጮቹ ፎቶውን አይተው «ጭስና አቧራ አይሸፈንም» አሉ። ወረቀቱን አውጥተን ስናነብ እውነትም ተጽፏል፤ በፊደሉ መጠን ላይ ቅሬታ ከማቅረብ በቀር የምንለው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ

ዲስኩ ከነሞተሩ ከዱባይ በመንገደኛ መጣ፤ ሰባት ሳምንት ወሰደ። ማሽኑ ሲገዛ አንድ ዶላር በባንክ 56 ብር አካባቢ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከ120 አልፏል። የዲስኩ ዋጋ ስንት የላምፕ ዋጋ እንደሚሆን ጋሼ አስልተው ነገሩኝ፤ እዚህ አልደግመውም።

ዲስኩን ለውጬ፣ ሌንሶቹን አጽድቼ፣ ስክሪኑን ደግሜ ለካሁ፦ ነጩ 790 ሉክስ። 860 አልሞላም፤ ፓነሎቹና መስታወቶቹ ላይ የቀረ ነገር አለ፣ እሱን ለማስለቀቅ መነካካት ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ሣጥኑ ተጥሏል። «ከፍተኛ ቦታ» በርቷል፣ በላዩም የይለፍ ቃል አድርጌበታለሁ፤ ቃሉን የምናውቀው እኔና ሥራ አስኪያጇ ነን። ለጩኸቱ የአስተርጓሚዎቹን ጠረጴዛ ወደ ኋላው ግድግዳ ወሰድነው፤ ይህን ኅዳር ላይ ማሰብ ይቻል ነበር። ፊልተሩ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በወር አንዴ ይጸዳል፤ የጸዳበት ቀን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጻፋል።

ጭሱን ማስቀረት አልቻልንም። ጋሼ ሞክረው ነበር፤ የመጀመሪያዋ የሙሽራ እናት «ያለ ደመና ምን ሠርግ አለ!» ብለው ሌላ አዳራሽ ሊያዩ ተነሡ። አሁን ደንቡ ሙሽሮች ሲገቡ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ እንዲሸፈን፣ ፎቶ የሚታየው ጭሱ ወጥቶ መስኮት ከተከፈተ በኋላ እንዲሆን ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ድምፅ ልተክል ሄጄ፣ የዲኮሯ ልጅ መሰላል ላይ ቆማ በአንድ እጇ ቱሉን፣ በሌላው ስቴፕለሩን ይዛ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ ይቺን በዚህ ማሽን በኩል ባሳልፋት ችግር አለው?»

በየትኛው በኩል አየር እንደሚገባ፣ በየትኛው እንደሚወጣ በጣቴ አሳየኋት። ጨርቁን ሁለት ክንድ ያህል ርቃ አሰረችው።

ለዲስኩ ጋሼ ከፈሉ። የእጄን እኔ አልተቀበልኩም። የሰኔ ልኬት 784 ነው።